ግድግዳችሁን በቀለም የፕሮጀክተር ስክሪን ማድረግ (ከግድግዳ ማለስለስ እስከ ጥቁሩ ፍሬም)

ፕሮጀክተር ገዝታችሁ የስክሪኑ ዋጋ ያስደነገጣችሁ፣ ወይ ደሞ ያ ከላይ ወደታች ሚጎተተው ስክሪን ዳርና ዳሩ እየተጠቀለለ የሰው ፊት ያጣመመባችሁ ሰዎች ይሄ ለናንተ ነው። ግድግዳውን ራሱን ቀብቶ ስክሪን ማድረግ ይቻላል። እኔ የኮንዶሚኒየሜን ሳሎን ቀብቼ አራት አመት እያየሁበት ነው፣ ከዛ የእህቴን ቤት ቀብቻለሁ፣ የአንድ ጓደኛዬንም። በየጊዜው ሰው ይጠይቀኛል፣ ጥያቄው ሁሌ አንድ ነው፣ "የትኛውን ቀለም ነው የገዛኸው?" ለዚህም መልስ አለኝ፣ ከታች እመጣበታለሁ፣ ግን ልፋቱም ውጤቱም ያለው ግድግዳውን ማለስለሱና ክፍሉን ማጨለሙ ላይ ነው። ቀለሙ ከነዚ ሁለቱ በኋላ ነው ሚመጣው።

እንዴት እንደገባኝ ልንገራችሁ። የራሴን ቀብቼ የጨረስኩ ቀን ማታ ፊልም ከፈትን፣ አሪፍ ነው፣ ሁሉም ሰው ተደሰተ። በማግስቱ ኳስ ከፈትን። ካሜራው ኳሱን ተከትሎ ከግራ ወደ ቀኝ መሄድ ሲጀምር አረንጓዴው ሜዳ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ሚቀር ጥላ አለ። ሜዳው ይሄዳል፣ ተጫዋቾቹ ይሄዳሉ፣ እሱ ግን ንቅንቅ አይልም። ለካ ስቱኮው ላይ መዳፍ ምታህል እብጠት ቀርታለች፣ በቀን ብርሃን ግድግዳውን ፊት ለፊት ቆማችሁ ብታዩት ፈጽሞ አትታይም። አንዴ ካያችኋት በኋላ ደሞ አይናችሁ ሌላ ነገር አያይም። ሁለት ሳምንት ታግሼ ሁሉንም ፍቄ ከስር ጀመርኩ። ስለዚ ኳስ ምታዩ ከሆነ ከፊልም ተመልካች የበለጠ ለግድግዳው ተጨነቁ፣ ሰማይና ሜዳ እንከን አይደብቁም።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ይግባን። ፕሮጀክተር ጥቁር መርጨት አይችልም፣ ጥቁር ብርሃን ሚባል ነገር የለምና። ፊልሙ ላይ ጥቁር ሆኖ ምታዩት ቦታ ማለት ብርሃን ያልደረሰበት ግድግዳችሁ ነው፣ በቃ። መብራት በርቶ መጋረጃ ተከፍቶ ግድግዳው ነጭ ሆኖ ሚታያችሁ ከሆነ የፊልሙም ጥቁር ያው ነጭ ነው ሚሆነው፣ አለም ላይ ያለ ምርጥ ቀለም ብትቀቡም ይሄን አያስተካክልም። የቀን ብርሃን ሚገባበት ሳሎን ውስጥ ቀን ላይ ማየት ምትፈልጉ ሰዎች መጀመሪያ ወፍራም መጋረጃ አሰፉ፣ ከውስጥ በኩል ጥቁር ገበር ያለው ቢሆን ደሞ ይመረጣል። ከዛ በተረፈው ብር ቀለም ትገዛላችሁ።

እሺ፣ መጠኑን እንወስን። ብዙ ሰው ግድግዳው ስለሰፋ ብቻ "120 ኢንች ይሁንልኝ" ይላል። እስቲ ሂሳቡን እንስራው፣ ከባድ አይደለም። ከማዕዘን ማዕዘን ተለክቶ 100 ኢንች የሆነ 16 ለ 9 ምስል ወርዱ 221 ሳንቲ ቁመቱ 125 ሳንቲ ገደማ ነው፣ ስፋቱ ወደ 2.76 ካሬ ሜትር። 80 ኢንች 177 በ100 ሳንቲ ነው፣ ወደ 1.77 ካሬ። 120 ኢንች ደሞ 266 በ149፣ ወደ 4 ካሬ ይጠጋል። ፕሮጀክተሩ ሚረጨው ብርሃን ያው አንድ ነው፣ ያንኑ ሊጥ ሰፋ ያለ ምጣድ ላይ ስታሰፉት እንጀራው እንደሚሳሳው ምስሉም በሰፋ ቁጥር ይሳሳል። ሉመኑን (ፕሮጀክተሩ ሚረጨውን ጠቅላላ የብርሃን መጠን) ለካሬ ሜትሩ አካፍሉት፣ የተገኘውን እንደገና ለ3.14 አካፍሉት፣ ማት (ማያብረቀርቅ) ነጭ ግድግዳ ላይ በግምት ስንት ኒት (የምስሉ ድምቀት መለኪያ) እንደምታገኙ ይነግራችኋል። የእውነት 300 አንሲ ሉመን ያላት ትንሽ ፕሮጀክተር 100 ኢንች ላይ ወደ 35 ኒት ነው ምትሰጣችሁ፣ 80 ኢንች ላይ ግን ወደ 54። ሲኒማ ቤት ውስጥ ነጭ ሚለካበት ስታንዳርድ 48 ኒት ነው፣ ያውም ድቅድቅ ያለ ጨለማ ውስጥ። ስለዚ ትንሿ ፕሮጀክተር ያላችሁ ሰዎች 80 ላይ ብትቆሙ ምስሉ ሕይወት ይኖረዋል። የቢሮ ፕሮጀክተር፣ 3000 ሉመን ምናምን ያለው ከሆነ ደሞ 100 ኢንች ላይ ከ340 ኒት በላይ ነው፣ ይሄ በጨለማ አይን ሁሉ ሊያደክም ይችላል፣ እንደዚ አይነቱ ላይ ነው ግራጫ ቀለም ሚያዋጣው። አንድ ማሳሰቢያ፣ ካርቶኑ ላይ በትልቁ "ሉመን" ብሎ ሚጽፈውን ሺዎች ቁጥር አትያዙ፣ አንሲ ወይም አይሶ ሉመን ሚለውን ፈልጉ፣ እሱ ነው በስርአት የተለካው።

መጠኑን ስትወስኑ በምኞት አይሁን፣ ፕሮጀክተሩን ሚቀመጥበት ቦታ ላይ አስቀምጡትና አብሩት። ይሄን ቀለም ሳትገዙ በፊት ነው ምታደርጉት። ሌንሱ ግድግዳውን ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ መመልከት አለበት፣ በጎን አጋድላችሁ ኪስቶን በሚባለው ሴቲንግ ካስተካከላችሁት ምስሉ አራት ማዕዘን ይመስላል እንጂ ከፒክስሎቹ የተወሰኑትን ጥላችኋል፣ ጽሁፍም ይደበዝዛል። ሚፈለገውን ርቀት ለማወቅ ማንዋሉ ላይ ስሮው ሬሾ ሚለውን እዩ፣ 1.2 ከሆነ የምስሉ ወርድ በ1.2 ሲባዛ ማለት ነው፣ ለ221 ሳንቲ ወርድ ወደ 2 ሜትር ከ65 ይሆናል። የኮንዶሚኒየም ሳሎን ጠባብ ስለሆነ ብዙ ጊዜ መጠኑን ሚወስንላችሁ ይሄ ርቀት ነው። ቁመቱን ደሞ ሶፋው ላይ ተቀምጣችሁ ወስኑ፣ ቆማችሁ አይደለም፣ አይናችሁ ከምስሉ ታችኛው አንድ ሶስተኛ አካባቢ ላይ ቢያርፍ አንገት አያምም። ከዛ በርቶ እያለ አራቱን ማዕዘን በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ በውሃ ልክ አረጋግጡ (ፕሮጀክተሩ ራሱ ተንጋዶ ሊሆን ይችላል)፣ ከምልክቱ ውጪ በየጎኑ 10 ሳንቲ ጨምራችሁ ነው ምትሰሩት።

አሁን ወደ ግድግዳው። እዚ ጋ ረዘም አድርጌ ልሄድ ነው፣ ታገሱኝ።

መጀመሪያ ግድግዳችሁ ምን እንደሆነ እወቁ። እጃችሁን አሹበት፣ ነጭ ዱቄት መዳፋችሁ ላይ ከቀረ ኖራ ወይም ረከስ ያለ የውሃ ቀለም ነው፣ እሱ ላይ ምንም ነገር ብትቀቡ አብሮ ይላጣል፣ ስለዚ ፍቃችሁ በእርጥብ ጨርቅ አጥባችሁ ማውረድ አለባችሁ። አብረቅራቂና እንደ ሳህን ለስላሳ ከሆነ የዘይት ቀለም ነው፣ ብዙ ቤት ሳሎንና ኮሪደር እንዲታጠብ ተብሎ በዘይት ቀለም ይቀባል። ዘይት ቀለም ላይ የውሃ ቀለም ቀጥታ ከቀባችሁ አይዝም፣ በጥፍር ስትጭሩት ይነሳል፣ ብርሀኑ እስኪጠፋ በብርጭቆ ወረቀት ማሻከርና ለዘይት ቀለምም ሚይዝ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት ከስር ሚቀባ ማያያዣ) መቀባት ግዴታ ነው። አዲስ የተለሰነ የሲሚንቶ ግድግዳ ከሆነ ደሞ ቢያንስ 28 ቀን ይድረቅ፣ ውስጡ ያለው እርጥበትና ጨው ወጥቶ ቀለሙን ያፈነዳዋል። ከጀርባው ሻወር ቤት ያለ ግድግዳ ላይ ነጭ እንደ ጨው ያለ ነገር ካያችሁ እሱን ግድግዳ ተዉት፣ ሌላ ምረጡ። ቧንቧው እስካልተሰራ ድረስ ሁሌ ይመለሳል።

አሮጌ የዘይት ቀለም ስትፍቁ ማስክ አድርጉ፣ የምሬን ነው። የድሮ ዘይት ቀለሞች ውስጥ ሊድ (መርዛማው የእርሳስ ብረት) ሊኖር ይችላል፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ሊድን በ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 ክፍል) ሚገድበው ደንብ የወጣው በአውሮፓውያን አቆጣጠር 2018 ነው፣ ከዛ በፊት የተቀባ ግድግዳ ላይ ያለውን ማንም ሊነግራችሁ አይችልም። አቧራውን በተለይ ህጻናትና ነፍሰጡር መሳብ የለባቸውም። በደረቁ ከምትፍቁ ግድግዳውን ውሃ ረጨት ረጨት እያደረጋችሁ በውሃ ሚሰራውን የብርጭቆ ወረቀት ተጠቀሙ፣ ልጆቹን ለሁለት ቀን አያታቸው ጋ ላኳቸው፣ ወለሉ ላይ ላስቲክ ዘርግታችሁ ሲያልቅ ላስቲኩን ከነአቧራው ጠቅልላችሁ አውጡት፣ መጥረጊያ አታንሱ፣ በእርጥብ ጨርቅ ነው ሚጸዳው።

ከዛ እብጠትና ጎድጓዳ ፍለጋ ነው። ይሄ በማታ ነው ሚሰራው። የክፍሉን መብራት አጥፉና የስልካችሁን መብራት ግድግዳው ላይ አስጠግታችሁ በጎን አብሩት፣ መብራቱ ግድግዳውን ታክኮ እንዲሄድ። ቀን ላይ ለስላሳ የመሰላችሁ ግድግዳ የጎጃምና የወሎ ተራራ መስሎ ይታያችኋል። ሚታያችሁን ሁሉ በእርሳስ ክበቡት፣ እብጠቱን በመስቀል ጎድጓዳውን በክብ ለዩት ምክንያቱም ጠዋት ስትነሱ የቱ የቱ እንደነበር ይጠፋችኋል። ሰፋ ያሉ ጎድጓዶችን ለማግኘት ደሞ ሁለት ሜትር ሚሆን ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ዘንግ ግድግዳው ላይ በቁም፣ በአግድም፣ በሰያፍ እየደገፋችሁ ከጀርባው ብርሃን ሚያልፍበትን ቦታ እዩ። እኔን የጎዳኝ ይሄን በዘንግ ማየቱን መዝለሌ ነው፣ ትንንሹን በእጄ እየዳሰስኩ አስተካክዬ ትልቁን እብጠት አለፍኩት።

እብጠቱን ፍቁ፣ ጎድጓዳውን በስቱኮ ሙሉ። ስቱኮ አንዴ አወፍራችሁ አትለጥፉ፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል ወይ ይሰምጣል፣ ሳሳ አድርጋችሁ ሁለት ሶስት ጊዜ፣ በየመሀሉ ደርቆ ነጭ እስኪሆን ጠብቁ። በተቻለ መጠን ሰፊውን ስፓቱላ ተጠቀሙ፣ ጠባቡ ራሱ መስመር ይተዋል። እኔ ምመክረው ጥገና ጥገና ከማድረግ የስክሪኑን ሙሉ ቦታ ሁለት ጊዜ በስስ ስቱኮ መጎተት ነው፣ ሶስት አራት ካሬ ብትሆን ነው፣ ጎበዝ ቀለም ቀቢ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። እጃችሁ ካልለመደ እዚ ላይ ሰው ቅጠሩ፣ ቀለሙን ራሳችሁ ቀቡት። ከደረቀ በኋላ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምራችሁ በ220 ጨርሱ፣ ወረቀቱን በጣታችሁ ይዛችሁ አይደለም፣ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልላችሁ፣ አለበለዚያ የጣታችሁን ቦይ ትቆፍራላችሁ። አሁንም ማታ ጠብቃችሁ በስልክ መብራት ቼክ አድርጉ፣ እንደገና ሙሉ፣ እንደገና ፈትጉ። ይሄ ሁለት ሶስት ማታ ይፈጃል። ይሰለቻል፣ አውቃለሁ፣ ግን አንዴ ነው።

ግድግዳችሁ ጭራሽ ማይሆን ከሆነ (ኳርትዝ የተረጨ፣ ጭቃ ቤት፣ ወይ ደሞ ተከራይ ሆናችሁ አከራይ ማይፈቅድ ከሆነ) ሌላ መንገድ አለ፣ እሱም ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ሚሰራ ለስላሳ ጣውላ) ነው። አንድ ሙሉ ኤምዲኤፍ በብዛት 122 በ244 ሳንቲ ነው ሚመጣው፣ ከሱ ላይ ወርዱን 217 አድርጋችሁ ብታስቆርጡ 98 ኢንች የሆነ ምንም መገጣጠሚያ የሌለው ስክሪን ይወጣችኋል። ስቱኮ የለ፣ ፍተጋ የለ ማለት ይቻላል። ግን ከፊትም ከጀርባም፣ ጠርዙንም ፕራይመር ቀቡት፣ ፊቱን ብቻ ከቀባችሁ አንድ ወገን እርጥበት እየሳበ ይጎብጣል። ከጀርባው የእንጨት ፍሬም አስመቱለትና ግድግዳው ላይ ስቀሉት፣ ቤት ስትለቁ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። የእህቴ ቤት እንደዚ ነው የተሰራው፣ እውነቱን ለመናገር ከኔ ግድግዳ የሷ ይሻላል።

ግድግዳው አለቀ እንበል፣ አሁን ፕራይመር። ስቱኮ ያለበትና የሌለበት ቦታ ቀለም እኩል አይጠጡም፣ ፕራይመር ካልቀባችሁ ከላይ ያለው ቀለም ቦታ ቦታ ላይ ይጠቁራል ወይ ያበራል። አንድ እጅ ፕራይመር፣ ሲደርቅ ቀለል ያለ ፍተጋ በ220፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ አንሱ፣ ይድረቅ። ያበጠ ነገር አሁን ደሞ በደንብ ይታያችኋል ምክንያቱም ሁሉም አንድ ቀለም ሆኗል፣ ካለ እዚሁ ላይ አስተካክሉት።

አሁን ወደ ቀለሙ፣ ሁሉም ሰው ወደሚጠይቀኝ። ለስክሪን ተብለው ሚሰሩ ቀለሞች አሉ። የካናዳው ስክሪን ጉ ለምሳሌ በሁለት አይነት ነው ሚመጣው፣ ከስር ሚቀባው ብርሃን ሚመልሰው ነው፣ ከላይ ሚቀባው ደሞ ብርሃኑን ለሁሉም አቅጣጫ ሚበትነው። ሌሎችም አሉ በአንድ ጣሳ ሚመጡ። ከተራ ቀለም ሚለዩት በሶስት ነገር ነው፣ ቀለማቸው ወደ ቢጫም ወደ ሰማያዊም ያላዘነበለ ነው፣ ብርሀን አመላለሳቸው ተለክቶ ጌይን ሚባል ቁጥር ተጽፎባቸዋል፣ አንዳንዶቹ ውስጥ ደሞ ብርሃን ሚመልሱ በጣም ጥቃቅን ነገሮች አሉ። ጌይን 1 ማለት ብርሃኑን ለሁሉም አቅጣጫ እኩል ሚበትን ለመለኪያ ሚያገለግል ነጭ ያህል ማለት ነው፣ ከ1 ከበለጠ መሀል ለተቀመጠው ሰው ይደምቃል፣ በዛው ልክ ጎን ለተቀመጠው ይደበዝዛል፣ ብርሃኑን አይፈጥረውም ከጎን ወስዶ ለመሀል ነው ሚሰጠው። ቤተሰብ ሶፋው ላይ ተዘርግቶ ሚያይ ከሆነ ከ1 ብዙም አትራቁ። ብርማ ቀለም ምናምን ምትቀላቅሉ ሰዎች ደሞ ተጠንቀቁ፣ መሀል ላይ ድምቅ ያለ ክብ ይፈጥራል፣ ነጭ ትእይንት ላይ አሸዋ የፈሰሰበት ይመስል ብልጭ ብልጭ ይላል፣ በሮለር ሲቀባ የሮለሩ መንገድ ራሱ ይታያል።

ከአሜሪካ ሚመጣ ዘመድ ያላችሁ ሰዎች ይሄን ልዩ ቀለም ልታስመጡ አስባችሁ ይሆናል። በዘይት የተሰራና ተቀጣጣይ የሆነ ቀለም አውሮፕላን ላይ በሻንጣ አይፈቀድም፣ በውሃ የተሰራ መሆኑን ጣሳው ላይ አረጋግጡ፣ ሆኖም አየር መንገዱን ቀድሞ መጠየቅ ነው፣ ዘመዳችሁን ኤርፖርት ላይ አታስቸግሩ። እኔ ልዩውን የቀባሁት የጓደኛዬ ቤት ብቻ ነው፣ እኔ ጋና እህቴ ጋ ያለው እዚሁ የተገዛ የውስጥ ግድግዳ ማት የውሃ ቀለም ነው። ልዩነት አለው ወይ? አለው፣ የጓደኛዬ ቀለማቱ ትንሽ ንጹህ ናቸው፣ በተለይ የሰው ቆዳ። ግን የኔን ግድግዳ ያየ ሰው "ምን ጎደለው" ብሎ አያውቅም። ስለዚ ብሩ ካላችሁ ልዩውን ግዙ፣ ከሌላችሁ ጥሩ ማት ነጭ ገዝታችሁ ልዩነቱን መጋረጃ ላይ አውሉት፣ የኔ ሀሳብ ይሄ ነው።

ተራውን ስትገዙ ግን ሁለት ነገር ላይ አትደራደሩ። አንደኛ ማት ይሁን፣ ሲልክ ወይ ሴሚ ግሎስ አይደለም፣ ሚያበራ ቀለም የፕሮጀክተሩን መብራት እንደ መስታወት መልሶ አይናችሁ ላይ ይተክለዋል። ሁለተኛ ነጩ ነጭ ይሁን። እዚህ አገር ነጭ ተብሎ ቤት ውስጥ ሚቀባው ብዙ ጊዜ ክሬም ነው፣ ለሳሎን ያምራል፣ ፊልሙን ግን ቢጫ ያደርገዋል።

ግራጫ ወይስ ነጭ? ፕሮጀክተራችሁ ደካማ ከሆነ ነጭ፣ አትከራከሩ። ጠንካራ ከሆነና ክፍሉ ሙሉ ለሙሉ ማይጨልም ከሆነ ቀለል ያለ ግራጫ ጥቁሩን ጠቆር ያደርግላችኋል፣ ነጩም አብሮ ትንሽ ይወርዳል፣ ጠንካራ ፕሮጀክተር ግን ሚያጣው አይቆጨውም። ግራጫውን በእጃችሁ ጥቁር እያንጠባጠባችሁ አትቀላቅሉ፣ ብዙ ጥቁር ማቅለሚያ ሲቀጥን ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ማደባለቂያ ማሽን ያለው የቀለም ሱቅ ሄዳችሁ ሰማያዊም ቡናማም ያልገባበት ንጹህ ግራጫ አስቀምሙ፣ መጀመሪያ ትንሽ ወስዳችሁ ካርቶን ላይ ቀቡና ይድረቅ (እርጥብ ቀለም ሲደርቅ ሼዱ ይለወጣል)፣ ማታ ፕሮጀክተሩን ሙሉ ነጭ አድርጋችሁ ካርቶኑን ከነጭ የፕሪንተር ወረቀት ጎን ያዙት። ጠቆር ብሎ ብቻ ከታየ ልክ ነው፣ ሮዝ ወይ ሰማያዊ ወይ አረንጓዴ ከመሰለ ሱቁ መልሱት።

መጠኑ ብዙ አይደለም። አንድ ሊትር ቀለም ለስላሳ ግድግዳ ላይ በአንድ እጅ ከ8 እስከ 10 ካሬ ያህል ይሸፍናል፣ ለ100 ኢንች ትርፉን ጨምሮ ሶስት እጅ ስትቀቡ ከ10 ካሬ ትንሽ ያልፋል፣ ሮለሩም ራሱ ይጠጣል፣ ስለዚ ሁለት ሊትር ካላችሁ ሳትጨነቁ ትጨርሳላችሁ። ዋናው ከአንድ ጣሳ ይሁን። መሀል ላይ አልቆባችሁ ሌላ ብታመጡ ሼዱ ላይገጥም ይችላል።

ቀለሙን ከታች እስከ ላይ በእንጨት በደንብ አማስሉ፣ በአሮጌ ስቶኪንግ አጥሉት፣ አንድ የደረቀ ፍርፋሪ ሮለሩ ላይ ከገባ ግድግዳው ሙሉ ይጭራል። ጣሳው ላይ ከተጻፈው በላይ ውሃ አትጨምሩ። ሮለሩ ጸጉሩ አጭር ይሁን፣ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር፣ ረጅም ጸጉር ያለው የብርቱካን ልጣጭ ሚመስል ገጽ ይተዋል፣ የስፖንጁ ደሞ አረፋ። አዲስ ሮለር ጸጉር ይጥላል፣ ከመጀመራችሁ በፊት ፕላስተር ጠቅልላችሁበት ላጡት፣ ሁለት ሶስቴ።

አቀባቡ እንደዚ ነው። መስኮት ዝጉ፣ ንፋስ ቶሎ ያደርቅባችኋል፣ ጸሀይ ሚመታው ግድግዳ ከሆነ ደሞ ማታ ወይ በማለዳ ቀቡ። ከአንዱ ጎን ጀምራችሁ በቁም፣ አንድ ሮለር ወርድ ተኩል ሚሆን መስመር ከላይ እስከ ታች፣ ቀጥሎ ሚመጣው መስመር የፊተኛው ሳይደርቅ በግማሽ ይደርበው። አንድ ጎን ከሌላው ጎን እስኪደርስ አታቁሙ፣ ስልክ ቢጠራም አታንሱ፣ ቡናውም ይቆይ፣ መሀል ላይ ካረፋችሁ ያቆማችሁበት ቦታ መስመር ሆኖ ይቀራል። ሙሉው ከተዳረሰ በኋላ ቀለም ሳትጨምሩ፣ ሳትጫኑ፣ ሮለሩን ሁሌ ከላይ ወደታች ብቻ አንድ ዙር አስኪዱት፣ ሁሉም የሮለር አሻራ ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛል። ከዛ ሂዱ። የሳሳ ቦታ አየሁ ብላችሁ ግማሽ የደረቀ ቀለም ላይ አትመለሱ፣ ለሱ ሁለተኛ እጅ አለ።

በእጅና እጅ መሀል ጣሳው ላይ ያለውን ሰአት ጠብቁ፣ አብዛኛው የውሃ ቀለም ከሁለት እስከ አራት ሰአት ይላል፣ ክረምት ላይ ሐምሌ ነሐሴ ከሆነ ግን አሳድሩት። በየመሀሉ 320 በሆነ ብርጭቆ ወረቀት እፍ እንደማለት አሹት፣ ጉድፍ ካለ ይነሳል፣ አቧራውን ጥረጉ። ሶስት ስስ እጅ ከሁለት ወፍራም ይሻላል።

አሁን ጥቁሩ ፍሬም። ይሄን እንዳትተዉት እለምናችኋለሁ፣ ጥቂት ብር ነው ግን ምስሉን ከግድግዳ ላይ ከተጣለ ብርሃን ወደ እውነተኛ ስክሪን ሚለውጠው እሱ ነው። አይናችን ጥቁርን ሚፈርደው ከጎኑ ካለው ነገር ጋር እያነጻጸረ ስለሆነ ዳር ዳሩ ጥቁር ሲሆን መሀሉ ይደምቃል፣ ከጠርዝ ያለፈችውን ትንሽ ብርሃንም ይውጣታል። ምርጡ ጥቁር ከፋይ ጨርቅ ነው፣ መርካቶ በሜትር ይሸጣል፣ ከ6 እስከ 8 ሳንቲ ስፋት ባለው ስስ እንጨት ላይ ጠቅልላችሁ ግድግዳው ላይ ማጣበቅ ወይ መምታት። ከፋይ ካልፈለጋችሁ ማት ጥቁር ቀለም፣ እሱን ምትቀቡ ከሆነ ግን ነጩ ቢያንስ ሶስት ቀን ይቆይ፣ የወረቀት ፕላስተር ለጥፋችሁ ጠርዙን በጥፍር ደህና አድርጋችሁ ተጫኑት፣ ጥቁሩ ገና ሳይደርቅ ፕላስተሩን በሰያፍ ወደራሳችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። የመጨረሻውን ልክ ደሞ ፕሮጀክተሩን አብርታችሁ እንደገና ለኩ፣ የመጀመሪያው የእርሳስ ምልክት ከቀለሙ ስር ቀርቷል።

ኮርኒሱና የጎን ግድግዳዎቹ ነጭ ከሆኑ ከስክሪኑ ሚመለሰውን ብርሃን መልሰው ስክሪኑ ላይ ይረጩታል፣ ጨለማ ትእይንት ሲመጣ ሚታየው ጭጋግ ከዛ ነው። ሳሎኑን ሙሉ ጥቁር አድርጉ አልልም፣ ሰው ይኖርበታል፣ ግን ስክሪኑ ያለበትን ግድግዳ ቀሪውን ክፍል ጠቆር ያለ ነገር፣ ጥቁር ሰማያዊ ወይ ጠቆር ያለ ቡኒ፣ ማት ሆኖ ብትቀቡት ለቤቱም ያምራል ለምስሉም ይጠቅማል።

ከግድግዳው ስር ተጠግቶ ወደ ላይ ሚረጨው፣ አልትራ ሾርት ስሮው ሚባለው ፕሮጀክተር ያላችሁ ሰዎች ግን ቀለም አልመክርም። ያ የስልክ መብራት በጎን ስታበሩት ተራራውን ሁሉ እንዳሳያችሁ እሱም በጎን ነው ሚረጨው፣ የአንድ ሚሊ ሜትር እብጠት መስመሩን ያጣምመዋል። ለሱ የራሱ ስክሪን አለ፣ ተጠራቅሞም ቢሆን እሱን ግዙ። በተቃራኒው ለትምህርት ቤት አዳራሽ ወይ ለቤተክርስቲያን ግቢ ትልቅ ግድግዳ ምትቀቡ ከሆነ ይሄን ያህል ፍተጋ አያስፈልግም፣ ሰው ስድስት ሰባት ሜትር ርቆ ስለሚቀመጥ ትንንሽ ሻካራነት አይታየውም፣ ደህና የውጪ ማት ነጭ በሁለት እጅ ይበቃል፣ ከጸሀይ መግቢያ በኋላ ብቻ ነው ሚሰራው እንጂ።

ቀብታችሁ ስትጨርሱ በመጀመሪያው ማታ ከፍታችሁ አትፍረዱ፣ ቀለሙ ገና ነው፣ ሳምንት ይቆይ። ሙሉ ለሙሉ እስኪጠነክር ወር ገደማ ይፈልጋልና እስከዛ በውሃ አትንኩት። ከዛ በኋላ አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ፣ ከላይ ወደታች፣ ሳትፈትጉ፣ ማት ቀለም ሲፈተግ ያብረቀርቃል። ልጅ እጁን ካሳረፈበት በጣም ትንሽ እርጥብ ጨርቅ ነካ ነካ። ካልለቀቀ ያቺን ቦታ ብቻ መቀባት አይሰራም፣ ጠጋኙ ይታያል፣ ሙሉውን አንድ እጅ መድገም ነው፣ ለዚህ ነው የተረፈውን ቀለም ምታስቀምጡት። ክዳኑን በደንብ ግጠሙ፣ ከላይ የቀለሙን ኮድና የተቀባበትን ቀን በማርከር ጻፉ፣ ጸሀይና ምድጃ ማያገኘው ቦታ ይቀመጥ።